የታከምንበት ደረሰኝ ማን እጅ ይገባል?

መርካቶ ውስጥ ደረሰኝ ብዙ ጉድ ያለበት ወረቀት ነው። ገዢው «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጩ ግራ ቀኙን አይቶ ዋጋ ይቀንሳል፤ ገቢዎች ደግሞ ሁለቱንም ይከታተላል። እኔ ዛሬ የማነሳው ይህን ደረሰኝ አይደለም። ከክሊኒክ፣ ከላብራቶሪና ከመድኃኒት ቤት የሚቆረጠውን፣ ሠራተኛው «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚወስደውን፣ ወይም ክሊኒኩ በወር መጨረሻ ጠቅልሎ ለአሠሪው የሚልከውን ነው። ስለ ገንዘቡ ብዙ ይወራል። ወረቀቱ ላይ ስለሚጻፈው ነገር ግን ሰው ማውራት የሚጀምረው አንድ ቀን ምስጢሩ ከወጣበት በኋላ ነው።

በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ለጥቂት ዓመታት ከአውቶቡስ ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አገልግያለሁ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው በሽተኛውም ምን ያህል ልዩ ልዩ እንደሆነ ያውቃል። ጠዋት በር ሲከፈት ከምን አለሽ ተራ እጁን ቆርቆሮ የቆረጠው ልጅ፣ ከበርበሬ በረንዳ እያስነጠሰች የመጣች እናት፣ ወገቡን የያዘ ተሸካሚ፣ ከዱባይ ተራ የመጣች ሻጭ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የባንክ ሠራተኛ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ካርድ ክፍል ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። አንዱ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። ሌላው «የድርጅት ነኝ» ይላል።

«የድርጅት» የሚባለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ቀጣሪ ከክሊኒክ ጋር ውል ይገባል፤ ሠራተኛው የመላኪያ ወረቀት ይዞ መጥቶ በዱቤ ይታከማል፣ ሂሳቡ በወሩ መጨረሻ ለድርጅቱ ይላካል። ሌላው ሠራተኛው ራሱ ከፍሎ ደረሰኙን ሲያመጣ ይመልስለታል። አቅም ያላቸው ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ከመድን ኩባንያ የቡድን የጤና መድን ይገዛሉ። ሦስቱም መልካም ናቸው፤ ማንም ሰው የልጁን መታከሚያ ፍለጋ ከዘመድ ዘመድ ባይዞር ደስ ይለኛል። ግን ሦስቱም ወረቀት ያዞራሉ።

ወረቀቱ እንዴት እንደሚዞር ላሳያችሁ። እኛ ክሊኒክ ወሩ ሲያልቅ የአንዱን ድርጅት ሰነድ አንድ ላይ እናያይዝ ነበር። የሠራተኛው ስም፣ የመጣበት ቀን፣ የታዘዘለት ምርመራ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የእያንዳንዱ ዋጋ፤ ከኋላው የሐኪሙ ማዘዣ። ጥቅሉን የሚወስደው ሞተረኛ ነው። የምትቀበለው ጸሐፊዋ ናት። ከእሷ ወደ አስተዳደር፣ ከአስተዳደር ወደ ሂሳብ ክፍል ይሄዳል። ሂሳብ ክፍል ያለው ልጅ ቁጥሩን እያመሳከረ አንድ በአንድ ይገልጠዋል፤ በዓመቱ ደግሞ ኦዲተር ያየዋል። በመጨረሻ ከሌላው ሰነድ ጋር ካርቶን ውስጥ ገብቶ መጋዘን ይከመራል። ከሐኪሙና ከነርሷ ውጭ አምስት ስድስት ሰው አየው ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ የታማሚን ምስጢር ለመጠበቅ በሙያው ቃል የገባ አንድም የለም።

ደረሰኝ ለማንበብ ደግሞ ሕክምና መማር አያስፈልግም። «የአክታ ምርመራ» የሚል ካለ ነገሩ ሳንባ ነው። «ኢንሱሊን» ካለ ስኳር ነው። የእርግዝና ምርመራ የሚለውን የሚስተው ማነው? የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ዛሬ ስልክ የሌለው ሰው የለም፤ ስሙን አስገብቶ መፈለግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንዲት እናት ነበረች። ባለቤቷ የአንድ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ሠራተኛ ነው። ድርጅቱ ለሠራተኛው፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የሕክምና ወጪ ይሸፍናል። የስምንት ዓመት ልጃቸው የሚጥል በሽታ አለበት። ጉንፋኑን፣ ቶንሲሉን፣ የሆድ ትሉን በድርጅቱ ወረቀት ታሳክመዋለች፤ የሚጥለውን ግን ከራሷ ኪስ። ምክንያቱን ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ሂሳብ ክፍል የምትሠራው ልጅ የእድራችን ጸሐፊ ልጅ ናት። ዛሬ ወረቀቱ ከገባ ነገ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጄን ሲያይ ክብሪት ማውጣት ሊጀምር ነው» አለችኝ።

የዚህ በሽታ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን ሲያም ብቻ የሚወሰድ አይደለም። በድንገት ከተቋረጠ በሽታው ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ፣ አንዱ መንፈራገጥ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ ለሞት እስከማድረስ ይሄዳል። ያ ልጅ ወር መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ ብር ሲያጥር መድኃኒቱ ይቋረጥበት ነበር። አንዴ ምላሱን ነክሶ፣ ሌላ ጊዜ ግንባሩ ተፈንክቶ አምጥታው ሰፍተንለታል። ወጪው እኮ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው! በኋላ የክሊኒኩ ባለቤት የድርጅቱን የሂሳብ ኃላፊ አነጋግሮ ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆን ስምምነት ላይ ደረሱ። ወደ ድርጅቱ የሚላከው የካርድ ቁጥር፣ ቀንና የገንዘብ መጠን ብቻ ሆነ፤ ዝርዝሩ ክሊኒክ ተቀምጦ ድርጅቱ የመረጠው አንድ ሐኪም በየሦስት ወሩ እየመጣ እንዲያጣራ ተደረገ። እዚህ ለመድረስ አራት ወር ፈጅቷል። ከዚያ በኋላ እናትየው የልጁን መድኃኒት በድርጅቱ ወረቀት መውሰድ ጀመረች።

ሌላው ምስጢር የሚወጣበት ቀዳዳ ሲክ ሊቭ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። ሠራተኛው የሚጠበቅበት መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ነው። ችግሩ ማስረጃው የሚጻፍበት ቅጽ ነው። ብዙዎቹ ቅጾች «የበሽታው ዓይነት» የሚል መስመር አላቸው። መስመር ካለ ደግሞ ሐኪሙ ይሞላዋል፤ ባዶ ከተወው አስተዳደር «ያልተሟላ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጽንስ ወርዶባት ሦስት ቀን እረፍት ታዘዘላት። ማርገዟን ለእናቷ እንኳ ገና አልነገረችም። ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ ተመለሰችና «ሲስተር፣ እባክዎ ለዶክተሩ ይንገሩልኝ፣ ታይፎይድ ብሎ ይጻፍልኝ» አለችኝ። ታይፎይድ የሁላችን መደበቂያ ነው። በሥራ ዘመኔ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያህል ታይፎይድ በላብራቶሪ አላየሁም፤ የአዲስ ከተማ ሠራተኛ ግማሹ በወረቀት ታይፎይድ ታሞ ያውቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሐኪሙ ግን የውሸት በሽታ መጻፍ አይችልም። ማስረጃው ሰነድ ነው፣ ኋላ ይጠየቅበታል። ያንን ቀን ሐኪሙ ያደረገው ቀላል ነገር ነበር። «በክሊኒካችን ታክማለች፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሥራ መሥራት አትችልም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማህተም አስመታ። ባንኩም ተቀበለው።

ይህ ሐኪሙ ከራሱ ያመጣው ብልሃት አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሙያ ጤና አገልግሎት ያወጣው ምክረ ሐሳብ ለአሠሪው የሚሰጠው ማስረጃ ሕክምና ነክ ዝርዝር እንዳይኖረው ይላል። ለሥራው ብቁ ነው ወይም አይደለም፣ ከባድ ዕቃ አያንሳ፣ አቧራ ያለበት ቦታ አይሥራ፤ ይኸው ነው። ለጎተራው ኃላፊ የሚያስፈልገው ተሸካሚው ኩንታል ማንሳት መቻል አለመቻሉ እንጂ የዲስኩ ወይም የኩላሊቱ ጉዳይ አይደለም።

ለአሠሪዎችም ላስብ፤ ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወላጆች ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ ሰው ቀጥረው የሚያሠሩ ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁና። የሐሰት ደረሰኝ ያለ ነገር ነው። ያልታከመ ሰው ታከምኩ ብሎ፣ የአክስቱን መድኃኒት በራሱ ስም አስቆርጦ ገንዘብ ሲወስድ አይተናል። አሠሪው «ማዘዣው ይያያዝልኝ» የሚለው በክፋት አይደለም። ሆኖም ለማጣራት ብሎ የሁሉንም ሰው ገመና ለሂሳብ ሠራተኛ ከመክፈት ይልቅ ለማጣራት ሙያው ያለውን አንድ ሰው መመደብ ይሻላል። የመድን ኩባንያዎች ሐኪም ወይም ነርስ የሚቀጥሩት ለዚህ ነው። አንድ ማዘዣ ከበሽታው ጋር መሄድ አለመሄዱን ባለሙያ በአንድ እይታ ያውቀዋል፤ የሂሳብ ሠራተኛ ግን የሚያገኘው ወሬ ብቻ ነው።

የመርካቶ አሠሪ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙው ሠራተኛ መድንም የጽሑፍ ውልም የለውም፤ ሲታመም የሚያሳክመው ባለሱቁ ነው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ የሚያድር ልጅ ሲያስል ከርሞ ይዘውት መጡ። ቲቢ ተገኘበት። ነጋዴው በሩ ላይ ቆመው «ሲስተር፣ ልጄ ማለት ነው፤ ከአገር ቤት አባቱ በአደራ የሰጠኝ ነው፤ ምን አገኛችሁበት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ልጁን ልጠይቀው» አልኳቸው። ቅር አላቸው፤ ገንዘቡን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ልጁን ለብቻው አስቀምጬ ስጠይቀው «ይንገሯቸው» አለኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒቱን መዋጡን እየተከታተሉ፣ ወተትና እንቁላል እየገዙ አዳኑት። እንዲህ ዓይነት አሠሪ አለ። በሌላ ተራ ደግሞ ያንኑ በሽታ የሰማ ባለሱቅ የልጁን ፍራሽ የዚያኑ ቀን ደጅ አውጥቶ ጥሎታል። ተራው የቲቢ በሽተኛ መድኃኒቱን በአግባቡ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ይቀራል፤ ይህን ግን ለባለሱቁ ያስረዳው ሰው አልነበረም። አብረውት የሚያድሩት ልጆች መመርመር አለባቸው፤ ይህ የጤና ጣቢያው ሥራ ነው፣ ጤና ጣቢያውም የማንንም ስም ሳይጠራ ይሠራዋል። የትኛው አሠሪ የመጀመሪያው ዓይነት፣ የትኛው የሁለተኛው እንደሆነ እኛ አናውቅም። የሚያውቀው አብሮት የሚውለው ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ ይነገር አይነገር የሚለውም የእሱ ነው።

የእኔ ዘመን ሰዎች ይህንን የተማርነው በኤች አይ ቪ ነው። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ለምርመራ ከመርካቶ ተነስቶ ናዝሬት ድረስ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ካርድ ክፍል ሁሉ ያውቀዋልና። መድኃኒቱ በነፃ ተሰጥቶ እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ስለሚፈራ ቀጠሮውን ያሳለፈ፣ ብልቃጡን አውልቆ ኪኒኑን በወረቀት የጠቀለለ ብዙ ነው። ሕጉም ከዚያ ዘመን የተማረ ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪ በአሠሪው ወጪ እንዲመረመር ሲያዝ፣ ከጠባብ ልዩ ሁኔታ በቀር ኤች አይ ቪን ከምርመራው አውጥቶታል። ስለዚህ ልጃችሁ ሥራ አግኝቶ «የኤች አይ ቪ ውጤት አምጣ» ቢባል ለምን ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ሕግ ካነሳሁ ሌሎቹንም ልጥቀስ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 399 በሥራቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሐኪሞችን፣ ፋርማሲስቶችን፣ አዋላጆችንና እኛን ነርሶችን በአቤቱታ ያስቀጣል። እነዚህ ሁለቱ የቆዩ ናቸው። አዲሱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው፤ የሰውን የአካልም የአእምሮም ጤና የሚመለከት መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ዓይነት ይመድበዋል፤ መረጃውን የሚይዘው ድርጅት ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበት ያስገድደዋል፤ ባለመረጃውም ምን እንደተያዘበት የመጠየቅና ስህተት ካለ የማሳረም መብት ይሰጠዋል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በእኔ ንባብ ይህ አዋጅ በሂሳብ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ላለው ማዘዣም ይሠራል። መሳቢያው ግን አዋጁን ገና የሰማ አይመስልም።

ሌላ አገር እንዴት ነው ለሚለኝ፣ ልጆቻችን በብዛት ያሉባት አሜሪካ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣችው ሕግና ተከታዮቹ ደንቦች የሠራተኛው የጤና መድን የያዘው የሕመም መረጃ፣ ያለ ሠራተኛው ፈቃድ፣ ለቅጥርና ለስንብት ውሳኔ ወደ አለቃው እንዳይሻገር ይከለክላሉ። ገንዘቡን የሚያወጣው አለቃው ቢሆንም ዝርዝሩን የሚያየው ሌላ ቢሮ ነው። እኛም ዘንድ በ2002 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ መንገዱን ጠርጎት ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ፣ እንደ እኔ ያለው ጡረተኛ ደግሞ ከአበሉ 1 በመቶ ያዋጣል ተብሎ ታሰበ፤ ሂሳቡ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ መድን ተቋሙ እንጂ ወደ አለቃችን ጠረጴዛ አይሄድም። ትግበራው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ኖሯል። በመዋጮው ብዙ ሰው አጉረምርሟል፤ ስለዚህ ጥቅሙ ሲነገር ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በአባት ሥራ የሚታከም ቤተሰብ ውስጥ የእናትየውም የልጆቹም ሕመም የሚደርሰው የአባት መሥሪያ ቤት ነው። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በወር አበባ ሕመም ትምህርት ቤት መሄድ እስኪያቅታት ትሠቃይ ነበር። አባቷ የመላኪያ ወረቀቱን አምጥተውላታል። የማህፀን ሐኪም የሚል ጽሑፍ ስላለበት ግን እንቢ አለች፤ የአባቷ የሥራ ባልደረቦች ለበዓል ቤታቸው የሚመጡ፣ በስሟ የሚጠሯት ሰዎች ናቸው። አባቷ «ምን የሚያሳፍር ነገር አለ?» ብለው ተቆጡ። እናትየው ናት የገባት። እንዲህ ሲሆን ልጅን አትጫኑ፤ አቅም ካለ ያንን አንድ ሕክምና በኪስ መክፈል፣ ከሌለም ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል።

ልጆቻችሁ ሥራ ሲይዙ ደመወዙን ስትጠይቁ ይህንንም ጠይቁ፦ የሕክምናውን ወረቀት የሚቀበለው ማነው? መድን ኩባንያ ካለ የጥያቄ ቅጹን በታሸገ ፖስታ አድርጎ ለኩባንያው በቀጥታ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በሰው ሀብት በኩል የሚያልፈው ልማድ ሆኖ እንጂ ውሉ አስገድዶ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ቦታ ውሉ ሲታደስ ማኅበሩ አብሮ ይቀመጥ። ወጪው ሲበዛ የመድኑ ዋጋ ይጨምራልና አለቃ «ማን ነው ይህን ያህል ያወጣው?» ብሎ ስም የሚጠይቀው በእድሳት ሰሞን ነው። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ማዘዣውን አይታችሁ ለሠራተኛው መልሱለት፤ የምታስቀሩት የገንዘቡን ልክ የሚያሳየውን ብቻ ይሁን። የድሮውን ካርቶን ስታጸዱም ለሸክላና ለጨው መጠቅለያ እንዳይሄድ አደራ። ከክሊኒክ የወጣ ወረቀት በርበሬ ተጠቅልሎበት ቤቴ ድረስ መጥቶ ያውቃል፣ ስሙ ሳይጠፋ።

ክሊኒክ ስትደርሱም ካርድ ክፍል ላይ «ዝርዝሩ ለድርጅቱ ይላካል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ ይህን ጥያቄ በወር ሁለቴ እንኳ አትሰማም ነበር። ሲጠይቋት ግን ቅጹን ከሌሎቹ ለይታ ታስቀምጥና ከመላኩ በፊት ለሐኪሙ ታሳየው ነበር።